ከደጅ ወደ ደብዳቤ

በ1921 እ.ኤ.አ. ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ ለዓለም አይሁዶች ሁሉ አንድ የጥሪ ደብዳቤ ጻፉ። የፍልስጥኤም አሽከናዚ አይሁዶች ዋና ረቢ የሆኑት በዚያው ዓመት ነው። አዲስ የተሾመ የሃይማኖት አባት ሲለምን ለራሱ ደብር ነው ብለን እንጠብቃለን። እሳቸው ግን የለመኑት ለእኛ ሀገር ሰዎች ነበር። ጎረቤቱ «ፈላሻ» እያለ ለሚጠራቸው፣ እነሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ለሚሉት፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሰሜን፣ በወልቃይትና በሽሬ ይኖሩ ለነበሩት። ሐሳቡ ባጭሩ «ወንድሞቻችን ሳይጠፉብን እንድረስላቸው» የሚል ነው። በማግስቱ ዓመት ኒውዮርክ ላይ እነሱን የሚረዳ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1923 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ሦስት ዓመት፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ኮሚቴ፣ አንድ ትምህርት ቤት። እንዲህ ሲነገር በጣም ቀላል ይመስላል።

ወዳጆቼ፣ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት ሥራ ፈትቼ አይደለም። መቀሌ ውስጥ እንግሊዝኛ በመጠኑም ቢሆን መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ከጦርነቱ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ሥራ አግኝቷል፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ። ደብዳቤ መጻፍ። የጤና ጣቢያ ጠባቂው ይመጣል፣ የዕድር ሊቀ መንበሩ ይመጣል፣ ጣሪያው የተበሳ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይመጣል። «አንተ ታውቅበታለህ፣ እስቲ ለውጭ ሰዎች ጻፍልን» ይላሉ። የውጭ ሰዎች እነማን እንደሆኑ አይነግሩህም፤ እነሱም አያውቋቸውም። ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ አንደኛው የአብነት መምህር ናቸው። ሰፈራቸው «ኣቦይ መርጌታ» ይላቸዋል፣ እኔ «የኔታ» እላቸዋለሁ። ከከተማው ጠርዝ ላይ ወንበር ተክለው ዜማና ቅኔ ያስተምራሉ። የእሳቸውን ደብዳቤ ለመጻፍ ስቀመጥ ነው፣ ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች እንዴት አድርገው ጻፉት ብዬ ማገላበጥ የጀመርኩት።

የአብነት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚበላ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልዘርዝር፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ለየኔታ ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፣ ተማሪውም ክፍያ የለበትም። ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ ይሄዳል። አርቆ የሚሄደው መምህር ፍለጋ ብቻ አይደለም፣ በተወለደበት ቀዬ መለመን ስለሚያሳፍርም ጭምር ነው። እንጨትና ሣር ለቅሞ ጎጆውን ይቀልሳል። ከትምህርቱ ሰዓት ቆርሶ አኩፋዳውን ይዞ ይወጣና በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ ያገኛል፣ ወይም «እግዜር ይስጥልን» ይባላል፣ ወይም ውሻ ይለቀቅበታል። ያመጣውን ከጓደኞቹ ጋር ያዋህዳል። የተረፈውን ያደርቃል፤ ድርቆሹ ለክፉ ቀን ነው። ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ ወጣ የሚባለው ዜማ፣ የቅኔው ጥበብ፣ የትርጓሜው ጉባኤ፣ ይሄ ሁሉ የቆመው በቁራሽ እንጀራ ላይ ነው። መንግሥት ቢለወጥ፣ ጦርነት ቢመጣ፣ የእህል ዋጋ ቢወጣ፣ በሩ የሚከፈትለት አንድ ቤት እስካለ ድረስ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ይህን ሥርዓት አብዝተን ስናወድሰው ደስ አይለኝም። አንዳንዱ ሰባኪ ልመናው ራሱ ትምህርት ነው፣ ትሕትናን ያስተምራል ይላል። ትክክል ነው፣ ያስተምራል። ግን ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በልተው የጠገቡ ሰዎች ናቸው። የዐሥር ዓመት ልጅ በሐምሌ ዝናብ ባዶ እግሩን ወጥቶ ውሻ ሲነክሰው ያየ ሰው ነገሩን እንዲህ አሳምሮ አያወራውም።

የአይሁድ ረቢዎችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። የእነሱ የሃይማኖት ትምህርት ቤት «የሺቫ» ይባላል፤ በዕብራይስጥ «መቀመጥ» ማለት ነው። እኛ መምህሩን «ወንበር ተከለ» እንደምንለው። በምሥራቅ አውሮፓ የየሺቫ ተማሪ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪው ከሀገሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሰኞ ከአንዱ ቤት፣ ማክሰኞ ከሌላው ቤት፣ ረቡዕ ከሦስተኛው ይበላል። «ቀን መብላት» ይሉታል። ማክሰኞ የሚያበላው ቤት ችግር ከገጠመው ማክሰኞ ጦም ነው ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው ሀገር፣ ቮሎዥን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ረቢ ሐይም የሚባሉ ሰው ይህን ለመቀየር ተነሡ። አንድ ትልቅ የሺቫ እንዲቆም ለየሀገሩ ማኅበረሰብ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የሺቫው ከከተማዋ ነዋሪ ደጅ እንዳይጠብቅ፣ ከሩቅም ከቅርብም በመልእክተኞች በሚሰበሰብ ገንዘብ እንዲተዳደር አደረጉ። ተማሪው ቤት ለቤት መዞሩን ትቶ ድጎማ ይቀበል ጀመር። ረቢው ክብሩን ከደጃፍ ሊያነሱለት ፈልገው ነው። ቮሎዥን በኋላ የየሺቫዎች ሁሉ እናት እስከመባል ደረሰች፤ የሩሲያ መንግሥት እስከዘጋት እስከ 1892 ድረስም በመቶዎች ታስተምር ነበር።

መልእክተኛ መላክም ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ከኢየሩሳሌም፣ ከኬብሮን፣ ከጥብርያዶስ የሚላኩ ረቢዎች ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት በመንገድ ላይ ያሳልፉ ነበር። ታላቁ ሊቅ ሐይም ዮሴፍ ዳዊት አዙላይ ለኬብሮን ሲሉ ሁለት ጊዜ አውሮፓን ዞረዋል፤ ከ1753 እስከ 1758፣ ደግሞም ከ1772 እስከ 1778። የጉዞ ማስታወሻም ትተዋል። እስቲ አስቡት፤ መጻሕፍት የሚጽፍ አንድ ሊቅ ከዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህሉን ለገንዘብ መሰብሰቢያ አወጣ።

እንግዲህ ረቢ ሐይም ያደረጉት ልመናን ማስቀረት አይደለም። ልመናን ከተማሪው ትከሻ አንሥቶ ወደ መምህሩ ትከሻ ማዛወር ነው። በእኔ ግምት ይህ ተገቢ ነው፤ ልጅ ይማር፣ ትልቅ ሰው ይለምን። ችግሩ ግን ልመናው ሲዛወር ጠባዩም አብሮ መቀየሩ ነው። ደጅ ላይ የቆመ ልጅ ስለራሱ ምንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። አደይ ከቤት ብቅ ትልና ታየዋለች፤ ርቦታል፣ አለቀ። ደብዳቤ ግን የሚደርሰው አይቶን ወደማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ማስረዳት ይመጣል፤ ቁጥር ይመጣል፤ እኛ ማን ነን የሚለው ይመጣል። የከፋው ደግሞ፣ ሰጪው እኛን ማን ብሎ ሊያየን ይፈልጋል የሚለው ይከተላል።

አዲስ አበባ የተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ታሪክ ይህን እንደ መስተዋት ያሳያል። ዳይሬክተሩ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» በሚለው መጽሐፋቸው ታውቋቸው ይሆናል፤ ስለ ትምህርት ቤታቸው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የተወለዱት ጎንደር አካባቢ ነው። አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊ ምሁር አገኛቸው፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሌላ አንድ ወጣት ጋር ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው። ፓሪስ ተማሩ፣ ከዚያም ፍሎረንስ ከሚገኘው የረቢዎች ኮሌጅ ገቡ። የኮሌጁ ኃላፊ የፍሎረንስ ዋና ረቢ ሳሙኤል ማርጉሊየስ ናቸው፤ ቤተ እስራኤልን የሚረዳውን የጣሊያን ኮሚቴ የመሩትም እሳቸው ነበሩ።

ፋይትሎቪች ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ የጻፈ፣ ኮሚቴ ያቋቋመ፣ በር ያንኳኳ ሰው ነው። የእሱን ያህል ለኢትዮጵያውያን የለመነ ፈረንጅ በዚያ ዘመን ያለ አይመስለኝም። የሥራ ድርሻው ግልጽ ነበር፤ እሱ ከውጭ ይለምናል፣ ታምራት ከውስጥ ያስተምራሉ። ገንዘቡ ሲዘገይ ግን ተማሪ ፊት የሚቆሙት ታምራት ናቸው። ስለዚህ እሳቸውም መጻፍ ነበረባቸው። ደብዳቤዎቻቸው ኢማኑኤላ ትረቪዛን ሴሚ በተባሉ ጣሊያናዊት ተመራማሪ ተሰብስበው በ2000 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሩቅ ሰዎች ጋር ያደረገው መጻጻፍ መጽሐፍ ይሞላል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት አልነበረም። ያ ሁሉ ወረቀት ስንት የማስተማሪያ ሰዓት በልቶ ይሆን ነው ያልኩት።

አሁን ቁጥሩን እዩ። በረቢ ኩክ ጥሪ ላይ የሰፈረው ቁጥር 50 ሺህ ነፍስ ነው፤ የፋይትሎቪችም ወገን የሚለው ይህንኑ ያህል ነበር። ከዚያ በፊት በ1908 ግን አሊያንስ የሚባለው የፓሪስ የአይሁዶች ድርጅት ነገሩን እንዲያጣሩ ረቢ ሐይም ናሁምን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ እሳቸው ይዘው የተመለሱት ግምት ከ6 እስከ 7 ሺህ ነው። አንድ ሕዝብ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ሰባት እጥፍ አድርጎ ቆጠረው። ማንም ቤት ለቤት አልቆጠረም። ሊሰጥ የፈለገው ወገን ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ታየው፤ ላለመስጠት የሚያመነታው ወገን ትንሽ ሆኖ ታየው። የእርዳታ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ነው፤ እዚህ ትግራይ ያለን ሰዎች ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከቁጥሩ የባሰው ግን ማንነቱ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ ቄሶች ያሏቸው፣ መነኮሳት የነበሯቸው፣ የራሳቸው ጾምና በዓል ያላቸው ሕዝብ ነበሩ። ገንዘብ የሚያወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ አይሁድ ደግሞ የሚያውቀው ይሁዲነት ዕብራይስጥ የሚያነብ፣ በታልሙድ የሚመራ፣ ረቢ ያለው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደዚያ ማምጣት ነበረበት። ለመረዳት ሰጪውን መምሰል ነው ነገሩ። የቄሶቹ ግዕዝና ዜማ በደብዳቤው ላይ እንደ ጉድለት ነው የሚታየው፤ «እነዚህ ወንድሞቻችን ብዙ ረስተዋል» እንደማለት። እዚያው ሀገራቸው ላይ ግን ግዕዙ ጉድለት አይደለም፣ ሀብት ነው። ታምራትና ፋይትሎቪች ከጊዜ በኋላ መሻከራቸው ይታወቃል። አንዱ ከውጭ ሆኖ ስለ ሕዝቡ ይጽፋል፣ ሌላው ከሕዝቡ ጋር ይኖራል። ቢሻከሩ ምን ይገርማል?

ፋይትሎቪች በየጊዜው ወደ 25 የሚሆኑ ልጆችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ፣ ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጥኤም ልኳል። አንዳንዶቹ በበሽታ እዚያው ቀርተዋል፤ ከተመለሱት መካከል በኋላ ስመ ጥር የሆኑት ዮና ቦጋለ ይገኙባቸዋል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ የጀርመን አይሁዶች ከሰጪነት ወደ ተቸጋሪነት ዞሩ። ከዚያ ጣሊያን ገባ፤ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በተፈጸመበት ዓመት ታምራት ከሀገር ሸሹ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ታምራት ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ሀገራቸውን አገልግለዋል፤ ያረፉት ኢየሩሳሌም በ1963 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ወደ እኛ ቀረብ ይላል። በ1954 እ.ኤ.አ. የአይሁድ ኤጀንሲ አሥመራ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አስተማሪው ከእስራኤል የተላኩ ረቢ ነበሩ፤ ዮና ቦጋለም የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ገቡበት። 27 ወጣቶች ክፋር ባትያ ወደሚባል የእስራኤል ትምህርት ቤት ተልከው መምህራን ሆነው እንዲመለሱ ተደረገ። መንደሮች ላይ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያስ? የ1950ዎቹ ሳያልቁ የውጭው በጀት ተቆረጠና አብዛኞቹ ተዘጉ። ዮና ቦጋለ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ትምህርት ቤት ላቁም ብለው ለውጭ ሰው ሲጽፉ ኖሩ።

የቄሶቹ የግዕዝ ትምህርት ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አልተዘጋም። በጀት የሚባል ነገር ስላልነበረው የሚቆረጥበትም አልነበረም። ሕዝቡ ከነቄሶቹ ሀገር ለቆ እስኪሄድ ድረስ እንዳለ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ የመሄዱን በር ካንኳኩት አንዱ የእኛው የትግራይ መምህር ናቸው። ፈረደ አክሉም እንዳባጉና ላይ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ደርግን ሸሽተው ሱዳን ገቡና ከካርቱም ወደ ውጭ የአይሁድ ድርጅቶች የእርዳታ ቴሌግራም ላኩ። ያ መልእክት ነው ሞሳድን ወደ እሳቸው ያመጣው፣ በሱዳን በኩል የወጣው የብዙ ሺህ ሰው መንገድም የተጀመረው እንዲያ ነው። ስለ እሳቸው ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለሳለሁ።)

አሁን ወደ የኔታ ደብዳቤ ልምጣ።

የኔታ በደጅ የሚኖረውን ሥርዓት ትተው ወደ ደብዳቤ የመጡት ወደው አይደለም። ከጥቅምት 2013 በፊት ተማሪዎቻቸው የሚዞሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ጦርነቱ መጣ፤ ባንክ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቆመ። ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀለው ሕዝብ መቀሌ ገብቶ ትምህርት ቤቶችን ሞላ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ትንሽ ተነፈስን ስንል፣ ሚያዝያ ላይ እህሉ ለሌላ ዓላማ ዋለ ተብሎ ለትግራይ የሚሰጠው የምግብ እርዳታ መቆሙ ይፋ ሆነ፤ ሰኔ ላይ ለመላው ሀገሪቱ ቆመ። ወራት ቆይቶ ተመለሰ። በጥር 2017 ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። የቆሎ ተማሪው ይህን ፖለቲካ የሚያውቀው በአኩፋዳው ክብደት ነው። ድሮ ቁራሽ ይሰጠው የነበረው ቤት ዛሬ ሦስት ተፈናቃይ ዘመድ አስጠግቷል። በዚያ ላይ በዚያው ደጅ የሚቆመው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ እናትም ልጇን አዝላ ትቆማለች። የኔታ እንደነገሩኝ ተለቅ ተለቅ ያሉት ተማሪዎች ተፈናቃይ ያለበትን ቤት ሲያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ። «እንዳይለምኑ የከለከልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው አፈሩ» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ብዙ አይደለም። ተማሪዎቹ 41 ናቸው። የሚፈልጉት ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ 15 ኩንታል ገብስና ስንዴ፣ ለሁለት ጎጆ የሚሆን ቆርቆሮ፣ ጥቂት ብርድ ልብስ። ክረምቱን ካለፉ በመስከረም እሸት ሲደርስ ሕዝቡ ያበላናል ነው የሚሉት።

ይህን ይዤ ለአንድ ድርጅት የሚሠራ ሰው አማከርኩ። ሰውየው ቅን ነው፤ ስሙንም የድርጅቱንም ስም አላነሳም። ቅጹን ልኮልኝ ሦስት ምክር ጨመረበት። አንደኛ፣ 41 ትንሽ ነው፤ የአካባቢውን ልጆች ደምረህ 150 በለው። ሁለተኛ፣ «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት» የሚለው ያስቸግራል፤ «ተጋላጭ ሕፃናትን የሚያቅፍ የማኅበረሰብ ማእከል» በለው። ሦስተኛ፣ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ደበሎ ለብሰው፣ ባዶ እግራቸውን ቢሆን ይመረጣል።

ለየኔታ ሦስቱንም ነገርኳቸው። ስለ 150ው ጥቂት አሰቡና «የቀሩት 109 ማን ያስተምራቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መሳለቃቸው አልነበረም፤ ከምር ነው የጠየቁት። እህሉ ከመጣ ተማሪዎቹም የሚመጡ መስሏቸው ነበር።

ስለ ፎቶው ሳቁ። «ወደይ፣ ደበሎ የሚለብስ ልጅ የለኝም። ሁሉም ከገበያ የተገዛ ሰልባጅ ጃኬት ነው የሚለብሱት። አንዱ የኳስ ተጫዋች ስም ያለበት ሹራብ አለው። ለፎቶ ብለን በግ እንረድላቸው?»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«እንዳለን ጻፈን።»

ስለ ሁለተኛው ምክር ግን አልሳቁም። ብዙ ዝም አሉ። «ተጋላጭ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። በትግርኛም በአማርኛም ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ለአደጋ የቀረበ፣ ጠባቂ የሌለው፣ እንደማለት ነው አልኳቸው። «ጠባቂማ አላቸው» አሉ።

ያ ድርጅት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በዓለም ላይ ያለውን ችግር ሁሉ በአንድ ገጽ ማስገባት አለበት፤ ቅኔ ቤት የሚል ሣጥን የለውም። ደግሞም የኔታ ኩራት ብቻውን 41 ልጅ አያበላም። ታምራት አማኑኤልም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አለዚያ ያን ሁሉ ባልጻፉ። ነገር ግን ደብዳቤው ላይ የምንሰጠው ስም ተመልሶ ይመጣል። ማእከል ብለን ከጻፍን በሚቀጥለው ዓመት የማእከል ሪፖርት እንጠየቃለን፤ 150 ካልን 150 ልጅ እንዲያሳዩን የሚመጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ ያኔ የኔታ ወይ ይዋሻሉ ወይ ከሰፈር ልጅ ይዋሳሉ። ሦስት ዓመት ካለፈ ቅኔው በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ነገር ይሆናል። አንድ ቀን በጀቱ ሲቆረጥ ደግሞ የሚዘጋው ማእከሉ ብቻ አይሆንም፤ ተማሪው ደጅ መውጣቱን ረስቷል፣ ሰፈሩም መስጠቱን ረስቷል።

ስለ ራሳችን ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። ውጭ ሀገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የምትልኩት ገንዘብ ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጉልላቱ ፎቶ ይነሣል፣ ምርቃቱ በቪዲዮ ይለቀቃል። ከሕንፃው ጀርባ ጎጆ ውስጥ ያለው ዜማ ቤት ግን ፎቶ ላይ አያምርም፣ ስለዚህም ኮሚቴ የለውም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያ ጉልላት ሥር ማን እንደሚቀድስ የጠየቀ ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደብዳቤውን እንዳሉት ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ነው። 41 ተማሪዎች፣ ከእነሱ 9 ቅኔ የጀመሩ፣ የቀሩት ዜማ ላይ ያሉ። የአብነት ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆነ በአራት መስመር። እስከዛሬ ማን እንዳበላቸው። የሚያስፈልገው 15 ኩንታል፣ ለሦስት ወር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከሰፈሩ ጋር ራሳቸው እንደሚችሉት። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የኳስ ተጫዋቹ ሹራብ ከፊት ለፊት ይታያል።

የኔታ አንድ ነገር እንድጨምር ጠየቁኝ። ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀለ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣ ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ እህል የሰጣቸውን ሰው ስምና መጠን በእርሳስ ይመዘግቡ ነበር። ያንን ተርጉሜ እንዳያይዘው ነው የፈለጉት። ሰጪው ብቻውን አለመሆኑን ይወቅ አሉ። ስሞቹን ትቼ ገለበጥኩት፤ ባለ ወፍጮው፣ ሁለት ቁና ስንዴ። ባጃጅ ነጂው፣ 200 ብር። ጡረተኛው መምህር፣ ደመወዝ የገባ ዕለት፣ አንድ ቁና ገብስ። በትምህርት ቤቱ ከተጠለሉት ተፈናቃዮች አንዲት እናት፣ ከራሽናቸው፣ አንድ ጣሳ ክክ፤ ሁለት ጊዜ።

ዝርዝሩ 63 መስመር ሆነ። ለሁለት ቦታ ልከነዋል። አንደኛው ቦታ ደርሶናል ብሎ መልሷል፤ ዝርዝሩ ለምን እንደተያያዘ ግን አልገባንም፣ እባካችሁ አብራሩልን ይላል።